ሞናድኖክ (ቺካጎ)፦ 16 ፎቅ ለምን በጡብ ተሠራ? ተከራዮቹንስ ክፍል በክፍል እንዴት እንከተል?

ጡብና_ኖራ ጠየቀ፦

ጤና ይስጥልኝ። ቺካጎ መሃል ከተማ፣ ጃክሰንና ዲርቦርን ጎዳናዎች ጥግ ላይ ስለቆመው የሞናድኖክ ሕንፃ ነው ጥያቄዬ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የማውቀውን ላስቀድም። ባለቤቶቹ የቦስተን ሰዎች የሆኑት ወንድማማቾቹ ፒተርና ሼፐርድ ብሩክስ ናቸው፤ ቺካጎ ላይ ጉዳያቸውን ያስፈጽም የነበረው ኦወን አልዲስ ነው። ሰሜኑን ግማሽ በርናምና ሩት ነድፈውት በ1891 አለቀ። ደቡቡን ደግሞ ሆላበርድና ሮሽ ነድፈውት በ1893 ተጠናቀቀ። የሰሜኑ 16 ፎቅ፣ ቁመቱ 66 ሜትር፣ ግድግዳው ከሥር 1.8 ሜትር ውፍረት አለው።

ያልገቡኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው። በብረት አጽም (ሸክሙን በግድግዳ ፈንታ የብረት ምሶሶና አግዳሚ በሚሸከሙበት አሠራር) የቆመው የሆም ኢንሹራንስ ሕንፃ እዚያው ከተማ ውስጥ በ1885 ተሠርቶ ሳለ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ይህን ያህል ጡብ መደርደር ለምን አስፈለገ? ሕንፃው በሙሉ በጡብ ግድግዳ ላይ የቆመ ነው ተብሎ የሚጻፈውስ እውነት ነው? ሰምጧል ሲባልስ ምን ያህል ነው፣ ምክንያቱስ?

ከሁሉም በላይ ግን የምፈልገው የተከራዮቹን ታሪክ ነው። ማን በየትኛው ክፍል፣ ከመቼ እስከ መቼ ቢሮ ነበረው የሚለውን ለማውጣት ከየት ይጀመራል? የድሮ ደብዳቤዎች ላይ ያሉት አድራሻዎች ከዛሬዎቹ ጋር አይገጥሙም።


ስድስት_ጫማ መለሰ፦

ስለ ግድግዳው እኔ ልጀምር፤ ስለ ተከራዮቹ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ እዚህ አሉ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይስተካከል። በርናምና ሩት የብረት አጽም ስላልቻሉበት አይደለም ወደ ጡብ የሄዱት። በዚያው ወቅት፣ በ1890፣ እነዚሁ ሰዎች እዚያው ቺካጎ የራንድ ማክናሊን ሕንፃ ሙሉ በሙሉ በአረብ ብረት አጽም አቁመዋል። ስለዚህ የሞናድኖክ ጡብ የባለቤቱ ምርጫ ነው። ብሩክሶች ጠንቃቃ ገንዘብ አውጪዎች ነበሩ፤ ጡብ ለዘመናት የተፈተነ ነው፣ የብረት አጽም ግን ገና ሃያ ዓመት እንኳ አልኖረም። ፒተር ብሩክስ ለአልዲስ በጻፋቸው ደብዳቤዎች የጠየቀው ልሙጥ ፊት ነው፦ ከግድግዳው የሚወጣ ጌጥ አይኑር፤ ጌጥ ጥንካሬ አይጨምርም፣ አቧራ ይይዛል፣ ርግብና ድንቢጥም ይሰፍርበታል። ይህን ስታነቡ ንድፉን የወሰነው የውበት ክርክር ብቻ እንዳልሆነ ይገባችኋል። የጽዳት ወጪም፣ የኪራይ ሒሳብም አለበት። ጆን ሩት ያንን ልሙጥነት ተቀብሎ ከውስጡ መልክ አወጣለት፦ ግድግዳው ከሁለተኛው ፎቅ ግርጌ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ አናቱ ላይ ደግሞ እንደ ግብጽ ቤተ መቅደስ ደጅ ወደ ውጭ ይከፈታል። ማዕዘኖቹ ወደ ላይ እየተድበለበሉ ስለሚሄዱ ለእነሱ ብቻ ልዩ ቅርጽ ያላቸው ጡቦች መመረት ነበረባቸው። ሩት ራሱ ሥራው ሲያልቅ አላየም፤ በጥር 1891 በ41 ዓመቱ ሞተ።

አሁን ወደ 1.8 ሜትሩ። የዚያን ዘመን የግንበኞች ስሌት ለመጀመሪያው ፎቅ 12 ኢንች ውፍረት፣ ከዚያ በላይ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ ፎቅ ደግሞ 4 ኢንች ይጨመር ይላል። አራት ኢንች ማለት የአንድ ጡብ ወርድ ነው፣ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ለ16 ፎቅ፦ 12 + (15 × 4) = 72 ኢንች፣ ማለትም 6 ጫማ፣ ማለትም 1.83 ሜትር። ወደ ላይ እየሳሳ ሄዶ አናቱ ላይ 46 ሳንቲ ሜትር ይቀራል።

ይህ ውፍረት ምን ያህል እንደሚያስከፍል አስሉት። ሕንፃው ጠባብ ነው፣ ወርዱ 20 ሜትር ገደማ። ምድር ቤቱ ላይ ሁለቱ ግድግዳዎች 3.6 ሜትር ሲወስዱ ከወርዱ 18 በመቶ ያህሉ ጡብ ሆነ ማለት ነው። ምድር ቤት ደግሞ ሱቅ የሚከራይበት፣ ኪራዩ ውድ የሆነው ወለል ነው። ከዚህ በላይ መውጣት ያልተቻለው ጡቡ ስለሚደቅቅ አልነበረም። ጡቡ ይሸከማል፤ የሚያልቀው የሚከራየው ቦታ ነው።

«ሙሉ በሙሉ በጡብ ግድግዳ ላይ የቆመ» የሚለው ትክክል አይደለም። የሰሜኑ ግማሽ እንኳ በውስጡ የካስት አይረን (በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) እና የተቀጠቀጠ ብረት ኮለንና ቢም (ምሶሶና አግዳሚ) አለው፤ ወለሉን በመሃል የሚሸከመው እሱ ነው። ሩት በተጨማሪ ከኮለን ወደ ኮለን የብረት ማያያዣዎችን በሪቬት (በብረት ችንካር) አሳስሮ ነፋስ እንዲቋቋም አድርጎታል፤ በአሜሪካ ውስጥ እንዲህ ዓይነት የነፋስ ማሰሪያ ሲሞከር የመጀመሪያው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ 66 ሜትር ቁመት ያለው ሳንቃ 20 ሜትር ወርድ ላይ ስታቆሙ፣ ከጎን የሚመጣ ነፋስ የሚያሳስበው ክብደቱን ያህል ነው። ደቡቡ ግማሽ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ በተለይ የደቡብ ጫፉ ሙሉ በሙሉ በብረት አጽም የቆመ ነው፣ ጡብና ቴራኮታው (የተተኮሰ ሸክላው) ልባስ ነው። በሁለት ዓመት ልዩነት ግን ውጤቱን ተመልከቱ፦ ደቡቡ ከሰሜኑ 15 በመቶ ያህል ቀለለ፣ ወጪውም በዚያው መጠን ቀነሰ፣ የሚከራየው ቦታ ደግሞ 15 በመቶ ያህል ጨመረ።

ቦታው ድረስ ሄዳችሁ ለመለየት፦ የምድር ቤቱን መስኮቶች ጥልቀት እዩ። ሰሜን በኩል መስተዋቱ ግድግዳው ውስጥ እንደ ዋሻ ገብቶ ተቀምጧል። ደቡብ በኩል ምሶሶዎቹ ቀጭን፣ መስኮቶቹ ሰፊ ናቸው፤ ከላይም ጌጠኛ የመዳብ ክፈፍ አለ።

የቁመት ክብሩን በተመለከተም ጠንቀቅ በሉ። «በዓለም ረጅሙ የግንብ ሕንፃ» አትበሉ። የፊላደልፊያ ማዘጋጃ ቤት 167 ሜትር ነው፤ የግንቡ ሥር ውፍረትም 6.7 ሜትር ይደርሳል። «በጡብ ግድግዳ ሸክም ከቆሙ የንግድ ሕንፃዎች ረጅሙ» ካላችሁ ማንም አይከራከራችሁም።


ስድስት_ጫማ ጨመረ፦

ስለ መስጠሙ ለብቻው ልጻፍ ብዬ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

የቺካጎ መሃል ከተማ አፈር ለስላሳ፣ ውኃ ያዘለ ሸክላ አፈር ነው። ጽኑው ንብርብር ጥልቀት አለው፣ በዚያን ጊዜ እስከዚያ መውረድ የተለመደ አልነበረም። ቀድሞ የሚሠራው ከየምሶሶው ሥር የድንጋይ ፒራሚድ መደርደር ነበር፤ ይህ ከመሬት በታች ያለውን ክፍል ሁሉ ይበላዋል። ሩት በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለሞንቶክ ሕንፃ (እሱም የብሩክሶች ነው) ያመጣው መላ የባቡር ሐዲድ ብረት በፍርግርግ እየደራረቡ አርማታ ማልበስ ነው። ቀጭን ሆኖ ሰፊ ቦታ ላይ ሸክሙን ያሰራጫል። ሞናድኖክም በዚሁ ዘዴ ነው የቆመው፦ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል አርማታ ውስጡ የአረብ ብረት ቢሞች ያሉት።

በእጅ ስሌት እንየው። የጡብ ግንብ በሜትር ኩብ ወደ 1.9 ቶን ይመዝናል። ግድግዳው ከ1.8 ወደ 0.46 ሜትር እኩል እየሳሳ የሚሄድ ብናደርገው አማካይ ውፍረቱ 1.13 ሜትር ነው። 1.13 × 66 × 1.9 ወደ 142 ቶን ይመጣል፣ ለእያንዳንዱ የግድግዳ ርዝመት ሜትር። መስኮቶቹን ቀንሱ፣ የወለሉንና የሰዉን ሸክም መልሱ፤ ብዙም አይርቅም። በዘመኑ የቺካጎ ልማድ አፈሩ ላይ የሚጫነው በካሬ ሜትር 15 ቶን ገደማ ነበር። 142ን ለ15 ስናካፍል ለአንዱ ግድግዳ ብቻ 9.5 ሜትር ስፋት ያለው መሠረት ሊኖረው ነው። ለሁለቱ 19 ሜትር። የሕንፃው ወርድ ደግሞ 20 ነው! ሸክሙ ቦታውን ሙሉ ለሙሉ ጨረሰው ማለት ነው፤ «ተንሳፋፊ መሠረት» የሚባለውም ለዚህ ነው።

ነዳፊዎቹ 20 ሳንቲ ሜትር እንደሚሰምጥ አስበው ነበር። በ1905 ያን አልፎ ስለሄደ የምድር ቤቱ ወለል እንደገና መሠራት ነበረበት። በ1948 መስጠሙ 51 ሳንቲ ሜትር ደርሷል፤ ከመንገዱ ወደ ምድር ቤቱ ሲገባ ቁልቁል ደረጃ የሚወረደው ከዚህ የተነሣ ነው። ውኃው ቀስ እያለ ከሸክላ አፈሩ ሲጨመቅ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ይህ ደግሞ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። ሕንፃው ያልተሰነጠቀው መስጠሙ በሞላ ጎደል እኩል ስለሆነ ነው። ግንብን የሚገድለው አንዱ ጥግ ከሌላው ሲቀድም ነው። እኩል ሲሰምጥ የሚጎዱት ከውጭ የሚገቡ ቧንቧዎች፣ የእግረኛ መንገዱና የበር መድረኮች ናቸው።

በ1940 ዲርቦርን ጎዳና ሥር የምድር ውስጥ ባቡር ሲቆፈር ግን እኩልነቱ አደጋ ላይ ወደቀ፤ አፈሩ ከምሥራቅ በኩል ብቻ ሊላቀቅ ነው። ስለዚህ የምሥራቁ ግድግዳ እስከ ጽኑው ንብርብር በወረዱ የአርማታ ጉድጓድ ምሶሶዎች ተደገፈ።

አዲስ አበባ ላይ ለምትሠሩ አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህን «ሰፊ መሠረት ሁሉን ይፈታል» ብላችሁ ወደ ዋልካ አፈር እንዳታመጡት። የቺካጎው አፈር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፣ ይጠቀጠቃል። ዋልካ ግን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ዳር ዳሩን ከመሃሉ ለይቶ ያነሣል፣ ያወርዳል። ችግሩ ሌላ ነው፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው።


መዝገብ_ፈላጊ መለሰ፦

ጠያቂው፣ አድራሻው የማይገጥምልዎት በቀላል ምክንያት ነው። ቺካጎ በ1909 የቤት ቁጥሮቿን በሙሉ ቀየረች፤ የመሃል ከተማው ክፍል ግን ዘግይቶ በሚያዝያ 1911 ነው የተቀየረው። ዛሬ 53 ምዕራብ ጃክሰን የምንለው ቁጥር ከዚያ በፊት የለም። በምዕራብ በኩል ያለው ፌደራል ጎዳናም በ1890ዎቹ ከስተም ሀውስ ፕሌስ ይባል ነበር። ስለዚህ ከ1911 በፊት በሆነ ወረቀት ላይ የመንገድ ቁጥር ካገኙ በአሁኑ ካርታ አይፈልጉት፤ መጀመሪያ የቁጥር መቀየሪያውን ሰንጠረዥ ይዩ።

ደግነቱ ቢሮ ተከራዮች የመንገድ ቁጥር እምብዛም አይጽፉም ነበር። የሚጽፉት የክፍሉን ቁጥርና «ሞናድኖክ ብሎክ» የሚለውን ነው። በዘመኑ ብሎክ ማለት ትልቅ የንግድ ሕንፃ ነው፤ የመንገድ ብሎክ አይደለም፣ የእኛ ብሎኬትም አይደለም። ሲፈልጉ «ቢልዲንግ» በሚለው ብቻ ከፈለጉ ግማሹ ያመልጥዎታል። በእንግሊዝኛው ማውጫ ላይ ደግሞ ብሎክ የሚለው ቃል በሦስት ፊደል አጥሮ ነው የሚታተመው። የክፍል ቁጥሩ የመጨረሻ ሁለት አሃዝ ክፍሉን፣ ከፊት ያለው ፎቁን ይነግራል፦ 1015 ማለት 10ኛ ፎቅ፣ ክፍል 15። የምድር ቤት ሱቆች ግን በመንገድ ቁጥር ነው የሚመዘገቡት፤ ለእነሱ ነው የ1911ዱ ለውጥ የሚያስቸግረው።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

ዋናው ምንጭ የሌክሳይድ የቺካጎ ማውጫ ነው፤ ከ1875 እስከ 1917 በየዓመቱ ወጥቷል። ሁለት ክፍል አለው፦ በፊደል ተራ የሰውና የድርጅት ስም፣ ከኋላው በሙያ የተከፋፈለ። ስሙን የማያውቁት ተከራይ ስለሚሆን ከኋላ ይጀምሩ። «ጠበቆች»፣ «መሐንዲሶች»፣ «የባቡር ድርጅቶች»፣ «የኢንሹራንስ ወኪሎች» የሚሉትን አምዶች አውርደው ሞናድኖክ የሚል ያለበትን ሁሉ ይልቀሙ። ከዚያ እያንዳንዱን ስም በፊደል ተራው ውስጥ ያረጋግጡ፤ የክፍሉ ቁጥር ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው። ሁሉንም ዓመት አንድ በአንድ መሄድ አያስፈልግም፦ 1892፣ 1895፣ 1900፣ 1905፣ 1910፣ 1915 ላይ ይቁረጡ፤ አንድ ስም በአንዱ ኖሮ በሚቀጥለው ሲጠፋ ብቻ ወደ መካከሉ ገብተው የለቀቀበትን ዓመት ይፈልጉ። ማውጫው ተሰብስቦ እስኪታተም ወራት ስለሚፈጅ እያንዳንዱን ቀን «አንድ ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ» ብለው ይያዙት። ማውጫው ላይ በ1896 አለ ማለት በታኅሣሥ 1896 ነበር ማለት አይደለም።

ከ1917 በኋላ ክፍተት አለ። የፖልክ ማውጫ በ1923 እና በ1928–29 ወጣ፣ ከዚያ ቆመ። በመካከል ያለውን የሚሞላው የስልክ ማውጫ ነው።

ሳንቦርን የሚባሉት የእሳት ኢንሹራንስ ካርታዎች ተከራይ አይነግሩም፤ የግድግዳ ነገር ይነግራሉ። ሮዝ ቀለም ጡብ፣ ቢጫ እንጨት፣ ሰማያዊ ድንጋይ፣ ግራጫ ብረት ነው። የፎቅ ብዛትና የግድግዳ ውፍረት ይጻፍባቸዋል። በላያቸው እየተለጠፈ ስለሚታረሙ ግን የታተመበትን ዓመት ብቻ አይመኑ፤ የመጨረሻውን እርማት ይዩ።

የኩክ አውራጃ የንብረት መዝገብ ባለቤትነትንና የረጅም ጊዜ ኪራይ ውሎችን ይሰጣል። አንዲት ክፍል በዓመት ውል የያዘ ጠበቃ እዚያ አይገኝም፣ ጊዜዎን አያባክኑ። ከ1871ዱ ቃጠሎ በፊት የነበረው መዝገብ ተቃጥሏል፤ ለሞናድኖክ ግን ይህ ችግር አይሆንም።

ለመነሻ የሚሆኑ ሁለት ትልልቅ ስሞች ልስጥዎት። የሳንታ ፌ ባቡር ድርጅት በ1890ዎቹ ባሳተማቸው የመንገደኛ መጻሕፍት ላይ አድራሻው ሞናድኖክ ብሎክ ነው። ባቡሮቹ የሚነሡበት የዲርቦርን ጣቢያ በዚያው ጎዳና ወደ ደቡብ ነው፣ ስለዚህ ቦታው ይመቸዋል። በ1904 የሬይልዌይ ኤክስቼንጅ ሕንፃ ሲያልቅ ወደዚያ ሄደ። ሁለተኛው፣ ደቡቡን የነደፉት ሆላበርድና ሮሽ ራሳቸው ቢሯቸውን በሞናድኖክ ውስጥ አድርገዋል። ነዳፊው ተከራይ ሲሆን ማየት ደስ ይላል።

ሌላ የሚያደናግር ነገር አለ። ሕንፃው አንድ ይምሰል እንጂ የተሠራው እንደ አራት ቤት ነው፤ ስማቸውም ከኒው ኢንግላንድ ተራሮች የተወሰደ ነው፦ ሰሜን ሞናድኖክና ኪርሳርጅ፣ ደቡብ ካታዲንና ዋቹሴት። እያንዳንዱ የራሱ ሊፍት፣ ደረጃ፣ ማሞቂያና የውኃ መስመር ነበረው፤ ወንድማማቾቹ መለያየት ቢፈልጉ ወይም አንዱን ለመሸጥ ቢያስቡ እንዲመች ነው። በኋላ ሁሉም ሞናድኖክ ተባለ። ስለዚህ ከ1893 በፊት የነበረ ተከራይ የግድ በሰሜኑ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በፎቅ ቁጥር ይፈትሹ። 17ኛ ፎቅ ካለ ደቡብ ነው፣ ሰሜኑ 16 ብቻ ነው።

ሲያልቅ 1,200 ክፍልና 6,000 ያህል ሰው የሚይዝ፣ በዓለም ትልቁ የቢሮ ሕንፃ ነበር። ፖስታ ቤቱ ራሱን የቻለ ቀጠና አድርጎት አራት ፖስተኞች መድቦለት ነበር፤ በቀን ስድስት ጊዜ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ያድሉ ነበር። ይህን ሳይ ሁልጊዜ የሚገርመኝ 1,200 የሚለው ቁጥር ነው። ክፍሎቹ ትንንሽ ናቸው። በኋላ የመጣውንም ሁሉ የወሰነው ይኸው ነው፦ ትልልቆቹ ድርጅቶች ሰፊ ወለል ፈልገው ሲወጡ፣ ክፍሎቹ ብቻውን ለሚሠራ ጠበቃ ልክ ሆኑ። የፌደራል ፍርድ ቤቱ ማዶ ነው።


የደረጃ_መወጣጫ መለሰ፦

ስለ ውስጡ ጥቂት ልጨምር፣ ምክንያቱም ተከራይን የሚያመጣውም የሚያስኬደውም እሱ ነው።

ቦታው ጠባብ ስለሆነ በየፎቁ ያለው አንድ መተላለፊያ ነው፣ ቢሮዎቹ ግራና ቀኝ ናቸው። ለቢሮው ጥሩ ነው፤ ሁሉም የውጭ መስኮት አለው። ወደ ውጭ የወጡት መስኮቶችም ብርሃን ከሦስት በኩል ይሰበስባሉ፣ ከእግረኛ መንገዱ በላይ ስለሚንጠለጠሉም የሚከራይ ቦታ ይጨምራሉ። መተላለፊያው ግን ጨለማ ሊሆን ነው። መፍትሔው በቢሮና በመተላለፊያው መካከል መስተዋት ማድረግ ነበር፤ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የማያሳይ። ከመስተዋቱ በታች 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ነጭ የካራራ እብነ በረድ፣ ዙሪያው ቀይ የኦክ እንጨት፣ ወለሉ በእጅ የተጠረበ የእብነ በረድ ሞዛይክ።

መስተዋቱ የላባ ወይም የውርጭ ቅርጽ ያለው ነው። አሠራሩን ለሚጠይቅ፦ የመስተዋቱ ፊት መጀመሪያ ተፍቆ ይሻክራል። ከዚያ ከእንስሳት ቆዳ የሚወጣ ትኩስ ሙጫ ይቀባል። ሙጫው በሙቀት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር የመስተዋቱን ፊት ይዞ በቅርፊት በቅርፊት ይነቅለዋል። ካልሻከረ ሙጫው ብቻውን ይላቀቃል፣ አይነቅልም። ሙጫው ከሳሳ ቅርጹ ይደክማል። ሁለት መስተዋት አንድ ዓይነት አይወጣም፣ ስለዚህ የተሰበረውን ለመተካት አንዱን «ይመሳሰላል» ብሎ መግዛት አይቻልም፤ የቅርፊቱን መጠን አይቶ ማሠራት ነው።

ደረጃዎቹ በላይ ፎቆች ነሐስ የተቀባ ካስት አይረን ናቸው። ምድር ቤት ያሉት አልሙኒየም ናቸው፤ አልሙኒየም ገና ውድና ብርቅ በነበረበት ጊዜ! በሕንፃ ሥራ ላይ ሲውል የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል።

በ1938፣ ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በኋላ፣ ተከራይ ለመሳብ ነዳፊዎቹ ስኪድሞርና ኦዊንግስ «ዘመናዊ» እንዲያደርጉት ተቀጠሩ፤ በጀቱ 125 ሺህ ዶላር ነበር። ሞዛይኩ በጎማ ንጣፍና በቴራዞ ተሸፈነ፣ ክፍቱ ደረጃና ሊፍቱ ታጠሩ። በዚያን ጊዜ ማንም እንደ ጥፋት አላየውም፤ ለተከራዩ የታየው አዲስነት ነው። የብሩክስ ቤተሰብ በ1966 ሸጠው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ወጪው ከኪራዩ ጋር እየተቀራረበ መጣ፣ በ1979 ዊልያም ዶኔል የሚመራው ቡድን በ2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ከዚያ የተጀመረው እድሳት እስከ 1992 ቆየ።

13 ዓመት መፍጀቱ ትልቁ ትምህርት የሚገኝበት ነው። ሕንፃው አልተዘጋም፣ ተከራይ እየኖረበት ነው የታደሰው። ጥቂት ክፍሎች ሲለቀቁ እነዚያን መመለስ፣ በተሻለ ኪራይ ማከራየት፣ ገንዘቡን ለሚቀጥሉት ማዋል። ሙሉ ሕንፃ ባዶ አድርጎ በብድር የሚያድስ ሰው የመጀመሪያው ተከራይ እስኪገባ ድረስ ወለድ ይበላዋል። በዚህ መንገድ ግን ትንንሾቹ ክፍሎች ራሳቸው የእድሳቱ ገንዘብ ሆኑ። መብራቶቹ እንኳ በካርቦን ክር አምፖል ቅጂ ተተኩ። ምድር ቤቱ ላይ ዛሬ ባርኔጣ ሻጭ፣ ጸጉር አስተካካይ፣ ጫማ ሰሪ አሉ፤ ትንሽ ቦታ የሚበቃቸው ሙያዎች።

በ2007 ሕንፃው በ48 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።


ጡብና_ኖራ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። አንድ ልጨምር፦ እንዲህ ያለ የድሮ ጡብ ግንብ መጋጠሚያው ሲበላ በሲሚንቶ መሙላት ለምን ይከለከላል? ሲሚንቶ ይጠነክራል አይደል?


ስድስት_ጫማ መለሰ፦

የሚጎዳው መጠንከሩ ነው። ግንብ በሙቀትና በብርድ ይንቀሳቀሳል፣ እርጥበትም ይገባዋል፣ ይወጣዋል። መጋጠሚያው (ፉጋው) ከጡቡ ለስላሳ ከሆነ እንቅስቃሴውን እሱ ይቀበላል፣ እርጥበቱም በእሱ በኩል ይወጣል። በሲሚንቶ ከደፈናችሁት ውኃው በጡቡ በኩል ለመውጣት ይገደዳል። ቺካጎን በመሰለ ውርጭ አገር ጡቡ ውስጥ የቀረው ውኃ በረዶ ሲሆን የጡቡን ፊት ይገፈትረዋል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ሲሚንቶው እንደ መረብ ወጥቶ ይቀራል፣ ጡቡ ወደ ውስጥ ይበላል። ፊቱ ከወለቀ ጡብ መመለሻ የለውም፤ የተቃጠለው ጠንካራው ቆዳ እሱ ነበር።

አሠራሩ፦ የተበላውን መጋጠሚያ ከስፋቱ ሁለት እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ጥልቀት ድረስ አውጡ። አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ከ2 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር። በጥልቀት ካልተነሣ አዲሱ እንደ ቅርፊት ይወልቃል። በመዶሻና በቀጭን መሮ ሥሩ፤ የኤሌክትሪክ መፍጫ በተለይ ቋሚ መጋጠሚያዎች ላይ የጡቡን ጠርዝ ይቆርጣል፣ ሰፋ ብሎ የሚታይ ጠባሳ ይተዋል።

ከአሮጌው ሞርታር (ጡቡን ከሚያያይዘው የኖራና የአሸዋ ድብልቅ) ቁራጭ ወስዳችሁ ፍጩት፣ በቀጠነ የጨው አሲድ ኖራውን አሟሙት፣ የሚቀረው አሸዋ ነው። ቀለሙንና የቅንጣቱን መጠን ተከተሉ፤ የግንቡን መልክ የሚሰጠው ከኖራው ይልቅ አሸዋው ነው። ለለስላሳ የድሮ ጡብ አንድ እጅ ኖራ ለሁለት ተኩል ወይም ለሦስት እጅ አሸዋ። ሲሚንቶ የግድ ካስፈለገ ከ1 ሲሚንቶ፣ 2 ኖራ፣ 9 አሸዋ አትለፉ።

ጡቡን አስቀድማችሁ አርጥቡ፤ ደረቅ ጡብ የሞርታሩን ውኃ መጥጦ ያነጥፈዋል። ውኃ ግን እንዳይቋጠር። ሞርታሩን በአንድ ጊዜ አትሙሉ፦ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ጠቅጥቁ፣ አውራ ጣት ሲጫን ምልክት እስኪይዝ ብቻ ጠብቁ፣ ቀጣዩን ጨምሩ። የመጨረሻው ከጡቡ ፊት ትንሽ ገባ ይበል። ጡቡ ላይ ከተዘረጋ ቀጭኑ ጠርዝ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ይይዛል።

ከ5 ዲግሪ በታችና ከ35 በላይ አትሥሩ። እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ ቢያንስ ሦስት ቀን ጠብቁት። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሆነ በፀሐይ ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ሙሉውን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ካሬ ሜትር ያህል ከዓይን በራቀ ቦታ ላይ ሞክሩ፣ ሲደርቅ ቀለሙን ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፤ እርጥብ ሞርታር ሁልጊዜ ይጠቁራል።

ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ ውኃው ከየት እንደሚገባ እዩ። አናቱ ላይ ያለው የግድግዳ ክዳን ወይም አሸንዳው ካፈሰሰ፣ መጋጠሚያው ተመልሶ ይበላል።